«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ያልኩት እኔ ነኝ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትንንሽ ልጆች ጥርስ ነው። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፣ እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ታዲያ ስለ ጥርስ ምን አፃፈኝ? ጥርሱን የታመመ ሕፃን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ጥርስ ሐኪም ሳይሆን እንደ እኔ ወዳለው ሐኪም ስለሆነ ነው። ሲመጣም «ጥርሴን» ብሎ አይመጣም። «ምግብ እምቢ አለ»፣ «ሌሊት ያለቅሳል»፣ «ያተኩሰዋል» ተብሎ ነው የሚመጣው። እኛም አንዳንዴ ዋናውን ነገር ሳናይ ሽሮፕ ፅፈን እንመልሰዋለን።

እኔ አንድ ልጅ እንደዚያ አድርጌ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ታሪኩን ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው የምነግራችሁ፤ ማንነታቸውን የሚያሳብቅ ነገርም ቀይሬያለሁ።

ሦስት ጊዜ የመጣው ልጅ

ማሙሽ እንበለው። 4 ዓመቱ ነው። ቤታቸው ሰሜን ማዘጋጃ አካባቢ ነው፤ ስድስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት። እናቱ ፒያሳ ኬክ ቤት ትሠራለች፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሲል ከቤት ትወጣለች። አባቱ ወርቅ ቤቶቹ አካባቢ የሌሊት ጥበቃ ነው። ቀን ቀን ልጁን የሚይዙት አያቱ ናቸው። ሁለተኛ ክፍል የምትማር እህትም አለችው።

የመጀመሪያ ቀን አባቱ ከጥበቃ እንደወጣ በቀጥታ ይዞት መጣ። ልጁ ትኩሳት ነበረው። ምላሱን ተጫንኩና ጉሮሮውን አየሁ፤ ቀላ ብሏል። «ቶንሲል ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ፓራሲታሞልና አሞክሳሲሊን ፃፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቱ ይዛው መጣች። «ዶክተር፣ ምግብ እምቢ አለኝ። ዳቦ እንኳ በሻይ ካላራስኩለት አይነካም» አለችኝ። የሰገራ ምርመራ አዘዝኩ፣ የትላትል መድኃኒት ሰጠሁ። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር ብላ «ጥርሱም ጠቆር ጠቆር ብሏል፤ ይሄ ችግር አለው?» አለች። ውጪ ወረፋው ረጅም ነበር። «እሱ የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል፤ አታስቢ» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

በሦስተኛው ጊዜ አያቱና አባቱ አብረው መጡ። አባትየው ሌሊቱን ሲጠብቅ ነው ያደረው፤ ተራ እየጠበቀ አግዳሚው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። የልጁ ስም ሲጠራ አልሰማም። አያትየው ልጁን አዝለው ብቻቸውን ገቡ። «ልጄ፣ እንጥሉ ወርዶ እንዳይሆን ብዬ ነው። የሚቆርጡ ሰው ጠቁመውኛል፤ ከመውሰዴ በፊት ግን አንዴ ላሳይ ብዬ ነው የመጣሁት። ሌሊት ሌሊት ጉንጩን ይዞ ነው የሚነሳው» አሉኝ።

ያነቃችኝ «ጉንጩን» የምትለው ቃል ናት። የልጁን የላይኛ ከንፈር በአውራ ጣቴ ከፍ አደረግኩ። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ቡናማ ሆነው ተሸራርፈዋል፤ ሁለቱ ድዱ ጋ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀራቸው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ግን ነጭ ናቸው። ወደ ኋላ ሳይ ከታች ግራና ቀኝ አንዳንድ የመንጋጋ ጥርስ ተቦርቡሯል፤ በቀኙ ሥር ድዱ ላይ መግል የቋጠረች ትንሽ እብጠት አለች።

አፉን ከዚያ በፊት አስከፍቼዋለሁ እኮ! ጉሮሮውን ለማየት በጥርሶቹ ላይ አልፌ ነው የሄድኩት።

አራቱ የቤተሰብ ጥያቄዎች

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ስለ ሕፃናት ጥርስ ማንበብ ጀመርኩና አንድ መጠይቅ አገኘሁ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በተለያዩ አገሮች ተሠርቶበታል። ትምህርት ቤት ላልደረሱ ልጆች ወላጆች የሚቀርቡ 13 ጥያቄዎች አሉት። ዘጠኙ ስለ ልጁ ናቸው፦ ያመዋል? ትኩስና ቀዝቃዛ ነገር መጠጣት ይቸግረዋል? መብላትስ? ቃላት መጥራትስ? ከመዋያው ቀርቷል? እንቅልፉ ይረበሻል? ይነጫነጫል? ላለመሳቅ አፉን ይደብቃል? ማውራትስ ይሸሻል?

የቀሩት አራቱ ስለ ቤተሰቡ ናቸው። መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። የልጅን ጥርስ በሚመለከት መጠይቅ ውስጥ የእናትና የአባት ጉዳይ ምን ይሠራል? የማሙሽን ቤተሰብ ቁጭ አድርጌ ሳዋራቸው ግን ገባኝ። አራቱን በየተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ በልጁ ጥርስ ምክንያት ተጨንቃችኋል፣ ተረብሻችኋል?

ጥርስ ሌሊት ይብሳል። ቀን ልጁ በጨዋታ ይረሳዋል፤ ጋደም ሲል ግን ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ግፊት ስለሚጨምር የተቆጣው ነርቭ ይመታል። ማሙሽ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ይነሳል። አባት ጥበቃ ላይ ነው። እናት ብቻዋን ናት። ግድግዳው ደግሞ የጭቃ ነው፤ አንድ ልጅ ሲያለቅስ ግቢው በሙሉ ይነቃል። ጎረቤቶቿ ደግ ናቸው፣ ምንም አላሏትም። እሷ ግን ጠዋት ውኃ ለመቅዳት ስትወጣ ቀና ብላ ማየት አፈረች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን አልረሳውም። «ዶክተር፣ አንድ ሌሊት መታሁት። አመል መስሎኝ ነበር። አሞት እንደሆነ አላወቅኩም።»

አራት ዓመት የሞላው ልጅ «የቀኝ መንጋጋዬን ይጠዘጥዘኛል» ብሎ አይናገርም። ያለቅሳል፣ ምግብ ይገፋል፣ ይነክሳል፣ ይማታል። እኛ አዋቂዎቹ ደግሞ ስም እንሰጠዋለን፦ ሞልቃቃ፣ አስቸጋሪ፣ አልቃሻ።

ሁለተኛ፦ ጥፋተኛ ነን ብላችሁ ታስባላችሁ?

ኬክ ቤቱ ማታ ሲዘጋ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሠራተኞቹ ይወስዳሉ። እናትየው ጠዋት ሲተኛ ጥላው ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ እሱ በሩ ላይ ይጠብቃታል። ያቺ የኬክ ቁራጭ የቀኑ ካሳ ናት። እሱን በልቶ ይተኛል። አያትየው በበኩላቸው እንቅልፍ እንዲወስደው ስኳር ያለው ሻይ በወተት አድርገው በጡጦ ይሰጡታል። የሁለቱም ሥራ ፍቅር ነው። ስለ ጥርሱ ስነግራቸው ሁለቱ ተያዩና ዝም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጥፋተኝነት ጥርስ አያድንም። እንዲያውም ወላጅ እንዲደበቅ ያደርጋል፤ «ዶክተሩ ይቆጣኛል» ብሎ ልጁን ሳያመጣ ይቀራል። ደግሞስ ማን ነገራቸው? በክትባት ቀን ስለ ጡት፣ ስለ ክብደት እናወራለን፤ ስለ ጥርስ ግን እኔ ራሴ ለአንድም እናት ነግሬ አላውቅም ነበር። እናትየው ጠይቃኝ «ይወልቃል» ብዬ የሸኘኋት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፦ ከሥራ ቀርታችኋል?

እናት በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ቀረች፣ ብዙ ቀን አረፈደች፤ ማስጠንቀቂያም ተሰጣት። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያደረች ሴት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዴት ትነሳ? አባት ደግሞ ቀን መተኛት አለበት። ልጁን ክሊኒክ ባመላለሰ ቁጥር ሳይተኛ ወደ ጥበቃው ይመለሳል። የሌሊት ጥበቃ ተኝቶ ቢገኝ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ አያትየው። የእናትየው እህት ዶሮ ማነቂያ ነበር የምትኖረው፤ የእግር መንገድ ነው። ሲጨንቃቸው ልጁን ወስዳ ታሳድርላቸው ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እሷም ከተማ ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሄደች። አሁን ለመምጣት ሁለት ታክሲ ትይዛለች። የቤተሰብ ኑሮ በገቢ ብቻ አይለካም፤ ሌሊት በር የምታንኳኩበት ሰው መኖሩም ኑሮ ነው። ያ ሰው ሲርቅ የአንድ ልጅ ጥርስ ሕመም ሁለት እጥፍ ይከብዳል።

አራተኛ፦ ለወጪ ዳርጓችኋል?

ካርድ ሦስት ጊዜ፣ ላቦራቶሪ፣ ሁለት ዓይነት ሽሮፕ፣ የትል መድኃኒት፣ ታክሲ፣ የቀረ ደመወዝ። ደምሩት። ይሄ ሁሉ ወጥቶ ጥርሱ አልታከመም። ጥርሱ ገና ሲጀምር ቢታይ ኖሮ በአንድ ቀጠሮ ያልቅ ነበር።

አምስተኛ ጥያቄ እኔ ልጨምር፦ ሌሎቹ ልጆችስ? በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ የሚተኙ ልጆች ሕመሙን ይካፈሉታል። የማሙሽ እህት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየወሰዳት መምህሯ ቤተሰብ አስጠርታ ነበር። ያቺ ልጅ ጥርሷ ደህና ነው፤ የታመመው የወንድሟ ጥርስ ነው።

ይሄ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ልጆች የወተት ጥርሳቸው ተቦርቡሯል። በአገራችንም በባህር ዳር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከአምስት ልጆች አንዱ የተቦረቦረ ጥርስ እንዳለው አሳይቷል። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ስምንት ልጅ ማለት ነው። ስንቱ ሌሊት ሳይተኛ እያደረ «ሰነፍ» እንደሚባል አስቡት።

ጥርስ እንዴት ይቦረቦራል?

«ትል በላው» ሲባል ትሰማላችሁ። ትል የለም። አፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ስኳር ሲያገኙ እሱን በልተው አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ የጥርሱን የላይኛ ጠንካራ ሽፋን ያሟሟዋል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን አጥቦ የሟሟውን ማዕድን ቀስ እያለ ይመልሳል። ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓት ገደማና ከዚያም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ልጁ በየሃያ ደቂቃው ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ጁስ የሚቀማምስ ከሆነ ምራቁ ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ጣፋጩ ምን ያህል ነው ከሚለው እኩል፣ አንዳንዴም በላይ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚለው ወሳኝ ነው።

ሌሊት ደግሞ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ጣፋጭ ነገር ጠጥቶ ወይም ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የተኛ ልጅ ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ በስኳር ተነክሮ ያድራል ማለት ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ቀድመው የሚበላሹትም በዚህ ነው፤ የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ይጋርዷቸዋል። የማሙሽ አፍ ውስጥ ያየሁት ይሄንኑ ነው። የወተት ጥርስ ሽፋኑ ከቋሚው ጥርስ የሳሳ በመሆኑም አንዴ ከጀመረ ወደ ነርቩ ቶሎ ይደርሳል።

«ይወልቃል» እውነት ነው፣ ግን መቼ?

የወተት ጥርስ 20 ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር አካባቢ መውጣት ይጀምራል፣ እስከ 3 ዓመት ገደማ ይሟላል። የፊቶቹ በ6 ወይም በ7 ዓመት ይወልቃሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን ከ10 እስከ 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። የ4 ዓመት ልጅ መንጋጋው ተቦርቡሮ «ይወልቃል» ማለት «ሌላ ስድስት ዓመት ይታመም» ማለት ነው።

የወተት ጥርስ ለቋሚው ቦታ ይይዝለታል። ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፣ ቋሚው ሲመጣ ቦታ አጥቶ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። ሥሩ ላይ የቆየ መግልም ከታች እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. በወር አንዴ ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ልጁን ብርሃን ወዳለበት አዙሩትና የላይኛውን ከንፈር አንሱ። በድዱ ጠርዝ ላይ የኖራ ጭረት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው። በዚህ ደረጃ ሊቆም፣ ሊመለስም ይችላል። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ቀዳዳ ካለው ወደ ጥርስ ሐኪም።

2. የመኝታ ጡጦን ተሰናበቱ። በአንዴ ከከበዳችሁ ስኳሩን በየቀኑ ቀንሱ፣ መጨረሻ ላይ ንፁህ ውኃ ብቻ ይሁን። ከ1 ዓመት በኋላ በሲኒ ወይም በኩባያ ማስለመድ ጥሩ ነው። የእናት ጡት ግን አታቋርጡ፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይመከራል። ጥርስ ካወጣ በኋላ ማታ ጥርሱን ማፅዳት ብቻ ጨምሩበት።

3. ጣፋጩን ከምግብ ጋር አድርጉት። ኬክ ጭራሽ አይብላ አላልኩም፤ ፒያሳ እየሠራሁ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል? ግን ከምሳ ጋር አንዴ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ከመቀማመስ። ከመኝታ በፊት ግን አይሆንም። ለአጥሚትና ለሻይ የምትጨምሩትን ስኳርም አስቡበት።

4. በቀን ሁለቴ ቦርሹለት፣ የማታው አይቅር። በተለምዶ ኮልጌት የምንለው የጥርስ ሳሙና ፍሎራይድ ያለው ይሁን፤ ማሸጊያው ላይ 1000 ፒፒኤም ወይም ከዚያ በላይ የሚል ፈልጉ። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። አረፋውን ይትፋ፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጉመጥመጥ አያስፈልግም። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ እጁ ስለማይጠነክር እናንተ ቦርሹለት።

«መፋቂያስ?» የሚሉ አሉ። ለአዋቂ የወይራ መፋቂያ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ጥሩ ነው። ለሕፃን ድድ ግን ሻካራ ነው፣ ፍሎራይድም አይሰጥም። ለሱ ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል።

«ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል አሉ?» ሲበዛ አዎ። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ እንደ ወንጂ ባሉ አካባቢዎች፣ ከመሬት በሚወጣው ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ስለሚበዛ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎች አሉ። የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና ግን ሌላ ነገር ናት። እንደዚያ ያለ ውኃ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ሐኪም አማክሩ።

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ

እንጥል አታስቆርጡ። የሕፃን ድድ አስተልትላችሁ የወተት ጥርስ አታስወጡ። ተቅማጥና ትኩሳት ከጥርስ መብቀል ነው ተብሎ በባህላዊ መንገድ የሚወጣ ጥርስ ለደም መፍሰስ፣ ለኢንፌክሽን፣ ለቴታነስ ያጋልጣል። ማሙሽን አያቱ እንጥል አስቆርጠውት ቢሆን ኖሮ የታመመው ጥርስ እዚያው ሆኖ ሌላ ቁስል ይጨመርበት ነበር። ግን እሳቸውን አልወቅስም። ከሐኪም መልስ ያጣ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል። እንዲያውም ቀድመው ወደኔ ስለመጡ አመሰግናቸዋለሁ።

ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ጥርሱ ላይ አታድርጉ፣ ድዱን ያቃጥላል። አስፕሪን ለልጅ አትስጡ። ለጊዜው ፓራሲታሞል በኪሎው ተሰልቶ ይሰጠዋል፤ መጠኑን ፋርማሲ ወይም ሐኪም ይንገራችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይብለጥ። አንቲባዮቲክም የተቦረቦረ ጥርስ አያድንም። ለጥቂት ቀን ያስታግሰዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። የኔ አሞክሳሲሊን ያደረገው ይሄንኑ ነው።

በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ፊቱ ወይም አገጩ ሥር ካበጠ፣ ዓይኑ ዙሪያ ካበጠ፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ወይም ከደነዘዘ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረ ጠዋትን አትጠብቁ። የጥርስ መግል ወደ አንገትና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከጥርሱ የተነሳ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞቷል። ይሄ የሆነው በሀብታም አገር ነው።

ሕክምናው መንቀል ብቻ ነው?

አይደለም። ቶሎ ከመጣችሁ ፍሎራይድ በመቀባት የሚቆም አለ። የሚሞላ አለ። ያለ መሰርሰሪያ፣ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ የመሙላት ዘዴም አለ፤ የተጀመረው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ታንዛኒያ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነው። መብራት አይፈልግም፣ የመሰርሰሪያ ድምፅ ስለሌለውም ልጅ አይፈራውም። መቦርቦሩን ባለበት የሚያቆም የብር ውህድ ያለበት ፈሳሽ ደግሞ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የተቀባውን ቦታ ያጠቁረዋል እንጂ አያሳምምም። የጥርስ ሐኪማችሁን «ያለ መንቀል አማራጭ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መነቀል ያለበት ጥርስ ግን ይነቀል፤ መግል ይዞ ከመቆየት ይሻላል።

ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩ፤ የሚሸፈንላችሁን ጠይቃችሁ ሪፈር አፅፉ። ለቀጠሮ ስትሄዱ ደግሞ «ዝም ካላልክ ዶክተሩ ይወጋሃል» አትበሉት። እንደዚያ ተብሎ የመጣ ልጅ አፉን አይከፍትም። ይሄ ልመናዬ ነው!

ማሙሽስ?

እናቱን አስጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ጠይቀሽኝ ነበር፤ ያኔ ማየት ነበረብኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እኔም እኮ አምኜ ተኛሁ» አለች። ከባድ ነበር ለኔ። ሰው ሐኪም ሲያምን በእምነቱ ነው የሚተኛው።

የጥርስ ሐኪሙ ጋ ላክኋቸው። መግል የያዘው መንጋጋ ተነቀለ፣ የግራው ተሞላ፣ የፊቶቹ ላይ ፍሎራይድ ተቀባ፤ ክትትል ላይ ነው። ሁለቱን ቀጠሮ የወሰደችው አክስቱ ናት፤ ከከተማ ዳር ሁለት ታክሲ ይዛ መጥታ። እናት ከሥራ አልቀረችም።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። የማታው ጡጦ ብዙ ሌሊት አሟግቷቸዋል፤ አያትየው «ሲያለቅስ አንጀቴ አይችልም» እያሉ ሁለቴ ደብቀው ሰጥተውታል። ኬኩ አሁን ከእሑድ ምሳ ጋር ሆኗል። ማታ በር ላይ ሲጠብቃት ምን ይዛለት እንደምትገባ ስጠይቃት ሳቀች፤ «ሙዝ፤ መጀመሪያ ቀን ወረወረው» አለችኝ።

ባለፈው ነሐሴ አያትየው ለደም ግፊታቸው መጥተው ነበር። ማሙሽ አብሯቸው ነው። ከጊዮርጊስ በታች የተጠበሰ በቆሎ ገዝተውለት፣ እየፈለፈሉ አንድ አንድ ፍሬ ያጎርሱታል። በግራ በኩል ቀስ ብሎ እያላመጠ ነበር። «ቤታችሁ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ተመስገን፣ እንተኛለን» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሕፃን ለማንኛውም ነገር ሲመጣ ከንፈሩን ሳላነሳ አላሰናብትም። ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅም። እዚህ ገፅ ላይ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እናንተም ሞክሩት። ወላጆች፣ ሐኪማችሁ ካላየ «ጥርሱንም እዩልኝ» በሉ። «ይወልቃል» ካላችሁም «መቼ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን ከማስተኛታችሁ በፊት ከንፈሩን አንሱና እዩ። ትንሽ ልጅ ላለው ለምታውቁት ሰውም ይሄን ፅሑፍ ሼር አድርጉለት።

ደህና እደሩ፣ ጤናችሁ ይብዛ!